ይጥላል ወይስ ይሰበስባል

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እንደ ጻፍኩት ሆኖ ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሥራ ዘመኔን ለማሰላሰል ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ሆኖም ባሰላሰልኩ ቁጥር አንዳንዱ ነገር እየጠራ፣ አንዳንዱ ደግሞ እርስ በርሱ እየተቀላቀለ ይመጣብኛል። የፋብሪካው በር ሰማያዊ ነበር ወይስ አረንጓዴ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት ሰኞ ነበር ወይስ ማክሰኞ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። አንዱ ሰው የተናገረውን ለሌላው ሰጥቼ ይሆናል። የሕግ ሰው ነኝና ማስረጃ ያለኝን ከሌለኝ ለይቼ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ፤ ባልተሳካልኝ ስፍራ አንባቢ ይታገሰኝ።

የሠራሁት በደብረ ማርቆስ ነው። መሥሪያ ቤቱ የመንግሥትን ገቢ የሚመለከት፣ እኔም የሕግ ባለሙያው ስለ ነበርኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የቀረበልኝ ጥያቄ መልኩ ይለያይ እንጂ አንድ ነበር፦ መንግሥት በአንድ የንግድ ድርጅት ላይ ደንብ ሲያወጣና ግብር ሲጥል ሕገ መንግሥቱ እስከ የት ድረስ ይፈቅድለታል? ጥያቄው በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ በአዲስ አበባ አዳራሾች ብቻ የሚነሣ ይመስላል። በእኛ ዘንድ ግን በባጃጅ ተሳፍሮ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደብዳቤ ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ተናዶ ይመጣ ነበር። ስለ ደመወዜና ስለ ደረጃ ዕድገቴ የምለው ብዙ የለኝም፤ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ዘገየ፣ ደረሰ፣ አለቀ።

ከዩኒቨርሲቲ በሕግ ዲግሪ ተመርቄ ስመደብ በክፍሉ ያገኘኋቸው ሰው አቶ አንዳርጌ ይባሉ ነበር። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ሊመረቁ ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩ፣ ኋላም በሕግ ዲፕሎማ የያዙ ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ፣ ኃላፊዎቹም ሳይቀሩ፣ «የኔታ» ይሏቸዋል። እርሳቸው እኔን «ባለ ዲግሪው» ነበር የሚሉኝ። ከጊዜ በኋላ በስሜ መጥራት ሲጀምሩ ሹመት የተሰጠኝ ያህል ደስ አለኝ።

የየኔታ አሠራር እንዲህ ነበር። አንድ ሕግ ሲቀርብላቸው በቅድሚያ ከመሳቢያቸው ቀጭን የካርቶን ቁራጭ አውጥተው በግራ በኩል ያሉትን የአንቀጽ ቁጥሮች ይሸፍናሉ። ቁጥር ዓይን ይይዛል ባይ ናቸው። ከዚያ ቀይ እርሳስ ይዘው በቀጥታ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ማሰሪያውን ያሰምሩበታል፤ ቀጥለው ባለቤቱን ይፈልጋሉ፤ በመጨረሻም ተሳቢውን። በሥራዬ የመጀመሪያ ሳምንት «አንቀጹ የት አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ ፈጥኜ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። በቅኔ ቤት አንቀጽ ማለት ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው ግስ ነው፤ እኔ በተማርኩበት የሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ ቁጥር የተሰጠው የሕግ ክፍል። እርሳቸው ሁለቱንም ያውቁ ነበር፤ እኔ አንዱን።

«አማርኛ ፍሬውን የሚያስቀምጠው ከኋላ ነው» ይሉኝ ነበር። «ሹም ደግሞ እስከ ኋላ አያነብም። የእኔና የአንተ እንጀራ የሚወጣው ከዚህ መካከል ነው።»

ቀልዳቸው አይጠገብም ነበር። በዚያው ሰሞን ይመስለኛል፣ ምናልባትም ከዓመት በኋላ፣ አንድ ቄስ ከቁይ መጡ። አንድ ትጉህ የመዝገብ ሠራተኛ በስማቸው ላይ «ማኅበር» የሚል ቃል ያለባቸውን ሁሉ ከአክሲዮን ማኅበራት ጋር በአንድ ዝርዝር አስገብቶ መጥሪያ ልኮላቸው ኖሯል፤ ከእነዚያ አንዱ የቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበር ነበር። ቄሱ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣

«የኔታ፣ ሥራ አስኪያጃችሁን አስታውቁ ይለናል። ሚካኤልን እናስመዝግብ?» አሉ።

የኔታ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ «ማስመዝገቡስ ባልከፋ፤ አድራሻ ሲጠይቋችሁ ምን ልትሉ ነው?» አሏቸው።

ቄሱ ራሳቸው ሳቁ። መጥሪያው በዚያው ቀን ተሻረ። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ የኔታ የነገሩኝን ነው የያዝኩት። ሕግ ሥጋና ደም የሌለውን የንግድ ማኅበር «ሰው» ብሎ ይጠራዋል፤ ስም፣ አድራሻ፣ ንብረትና ዕዳ ይሰጠዋል። ሰው ካለው ዘንድ ደግሞ ሲከሰስ መልስ ሊሰጥ፣ ሲቀጣም በምን ሕግ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሕገ መንግሥቱም ግብርን ሲያከፋፍል ግለሰቡን ነጋዴ በአንድ ስፍራ፣ ድርጅቱን በሌላ ስፍራ ያስቀመጠው ግብር የሚጥልባቸው አካል የተለያየ ስለ ሆነ ነው። የመጀመሪያው በክልሉ እጅ ነው፤ የሁለተኛው ትርፍ በፌዴራሉና በክልሉ የጋራ ሥልጣን ሥር።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአባይ በረሃ አፋፍ ብዙም በማትርቅ አንዲት ከተማ፣ ስሟን ሆን ብዬ እተወዋለሁ፣ የጠመኔ ፋብሪካ ነበረ። ከበረሃው የሚወጣውን የጀሶ ድንጋይ ያቃጥላል፣ ይፈጫል፣ በውኃ ይለውሳል፤ ከዚያ በነሐስ ቅርጽ ማውጫ ላይ አፍስሶ ያወጣውን ጠመኔ ለትምህርት ቤቶች ያቀርባል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ባለ ድርሻዎቹ ሥራ የለቀቁ መምህራን ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ብዙ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ።

የከተማዋ አስተዳደር በዚያ ዓመት ስብሰባ ተቀምጦ ከከተማዋ በሚወጣ በእያንዳንዱ የፋብሪካ ምርት ጭነት ላይ «የልማት መዋጮ» እንዲከፈል ወሰነ። ውሳኔው ፋብሪካዎችን ሁሉ ይመለከታል ይላል፤ በከተማዋ የነበረው ፋብሪካ ግን አንድ ብቻ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሕግ የተጣለብንን ግብር ከፍለናል፣ ይህ በየትኛው ሕግ የተጣለ ነው ብለው በጽሑፍ ጠየቁ። አስተዳደሩ መልስ አልሰጣቸውም፤ ሊያሽግባቸው አሰበ። ሆኖም ከማሸጉ በፊት የሕግ አስተያየት እንዲሰጠው ወደ እኛ ጻፈ።

ጥያቄው የደረሰን የኔታ ለዘመድ ተዝካር ወደ ቁይ በሄዱበት ሳምንት ነበር። ኃላፊያችን ወረቀቱን አምጥተው እኔ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ መልሱ ዛሬውኑ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። የኔታ እስኪመለሱ ብንጠብቅ ምናለ አልኳቸው።

«አንተ ዲግሪ የያዝከው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

ይህች አነጋገር ዘልቃ ገባች። ሕጉን ገለጥኩ። በጊዜው በሥራ ላይ የነበረው የከተሞች ሕግ ስለ ገቢያቸው የሚናገርበት ክፍል አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ግብር፣ ታክስ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ መዋጮ እያለ ይዘረዝራል። «መዋጮ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ልቤ ረጋ። ፈልጌ ነበር፣ አገኘሁ። ዓይኔ ከዚያ ወደ ቁጥሩ ዘለለ። ቁጥሩን ጠቅሼ፣ አስተዳደሩ ሥልጣን እንዳለው፣ እምቢ ያለ ድርጅትም ሊታሸግበት እንደሚችል በአንድ ገጽ ጻፍኩ። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን የመንግሥት የግብር ሥልጣን ንድፈ ሐሳብም በሁለት መስመር ጨመርኩበት፤ ለጌጥ ያህል። አንድ ፊደል ስለ ተሳሳተች ብቻ እንደ ገና አስተየብኩት። ኃላፊው ፈረሙ። በዚያ ደብዳቤ ኮርቼ ቤቴ መግባቴን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ይህችን እንኳ ተሳስቼ ቢሆን ደስ ባለኝ።

አሻጊዎቹ ፋብሪካው የደረሱት ረፋድ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ያን ጊዜ ጀሶውን ለውሰው ቅርጽ ማውጫዎቹ ላይ ማፍሰስ ጀምረው ነበር። የተለወሰ ጀሶ ፋታ አይሰጥም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቢያንስ ይህን አውጥተን እንጠብ ብለው ለመኑ። የተላከው ሰው የእኔን ደብዳቤ አውጥቶ አሳያቸው። ደብዳቤው ስለ ጀሶ አንድ ቃል የለውም። እርሱም ከደብዳቤው መውጣት አልፈለገም፤ በሩ ታሸገ።

የኔታ ሲመለሱ ይህን ሁሉ የሰሙት ከእኔ አይደለም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አቤቱታ ይዘው ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመው አግኝተዋቸዋል። የኔታ ገብተው ተቀመጡ፤ የደብዳቤዬን ግልባጭና ሕጉን ጠየቁ፤ ካርቶናቸውን አወጡ። ከዚያ ሕጉን ወደ እኔ አዙረው እርሳሱን ሰጡኝ።

«ይህን ዓረፍተ ነገር ያሰረው ማነው?»

እስከ መጨረሻው ወረድኩ። «ይሰበስባል» አልኩ።

«ምኑን?»

«መዋጮውን።»

«ሙሉውን አንብብ እንጂ። ምን ዓይነቱን መዋጮ?»

«በሕግ የተጣለውን።»

«ይህን የጣለውስ ማነው?»

እርሳሱን አስቀመጥኩ። የጣለው ሕግ የለም። የከተማዋ ስብሰባ ነው የጣለው፤ የከተማዋ ስብሰባ ደግሞ በዚያ ሕግ መሠረት ሌላው የጣለውን ሰብሳቢ እንጂ ጣይ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ስለ ግብር በሚናገርባቸው ስፍራዎች መጣልንና መሰብሰብን ጎን ለጎን፣ እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ያቆማቸዋል። መጣል በምክር ቤት ወጥቶ በታወጀ ሕግ ነው፤ መሰብሰብ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ነገር ነው። በፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

«ግን የኔታ፣ መዋጮ እኮ ግብር አይደለም» ብዬ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አደረግኩ።

«መዋጮ የሚባለው ሰውየው እምቢ ማለት ሲችል ነው» አሉ። «እምቢ ሲል የሚታሸግበት ከሆነ ስሙ ሌላ ነው።»

እርሳቸው ሌላ ደብዳቤ ይጽፋሉ ብዬ ጠበቅሁ። ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፍተው፣ የጻፈው እጅ ይሻረው አሉኝ፤ ተነሥተውም ወጡ።

ጻፍኩ። እንዲህ የከበደኝ ጽሑፍ በዕድሜዬ አልነበረም። ኃላፊው ሲያነቡት ፊታቸው ተለወጠ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ መሥሪያ ቤት ሁለት ተቃራኒ ነገር ተናግሮ በማን ፊት ይቆማል፣ አንተስ ገና የሙከራ ጊዜህን ሳትጨርስ መሥሪያ ቤት ማዋረድ ጀመርክ ወይ አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬ ያልቅ የነበረው በዚያው ወር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እንዳይቀጥሩኝ መፍራቴን ግን ያለ ጥርጥር አስታውሳለሁ። ደብዳቤው ለቀናት ከጠረጴዛቸው አልተነሣም። የኔታ በየጠዋቱ ወደ ኃላፊው ክፍል ገብተው ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። ስለ ጉዳዩ አያነሡም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው፣ ስለ ልጆች ጤና ይጫወታሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ኃላፊው፣

«የኔታ፣ ካልፈረምኩ ከዚህ ወንበር አይነሡም ማለት ነው?» አሏቸው።

«ኧረ እነሣለሁ» አሉ የኔታ። «ነገ ደግሞ እመጣለሁ።»

ተፈረመ። ደብዳቤው በመልእክተኛ እንዳይዘገይ እኔው ይዤው ተሳፈርኩ። ሉማሜ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሻይ አዝዤ ሳልቀምሰው ተነሣሁ። ከተማዋ ደርሼ ለአስተዳደሩ ሰጠሁ፤ እነርሱም ጥቂት አጉረምርመው አንድ ሰው ሰጡኝ፤ አብረን ሄደን እሽጉ ተነሣ።

ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅርጽ ማውጫዎቹ በሙሉ ከነጭ ድንጋይ ጋር አንድ ሆነዋል። መለወሻው በርሜል እስከ አፉ ጠጥሯል፤ መቅዘፊያው መካከሉ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ሁለት ሠራተኞች በመሮ መፈልፈል ጀመሩ፤ ነሐሱ ከጀሶው ጋር እየተላጠ ወጣ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጥቂት ቆመው አዩና እንዲተዉት በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው ማነው?» አሉኝ።

በትዝታዬ ውስጥ «እኔ ነኝ» ብያቸዋለሁ። ነገር ግን ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ የምጠራጠረው ይህችን አንዲት መልስ ነው። በሁለቱም ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ የኃላፊው ነው፤ «መሥሪያ ቤቱ ነው» ብል ማንም ሐሰተኛ አይለኝም ነበር። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ያለፈውን ሲያስታውስ ለራሱ ማዳላቱ የታወቀ ነው። ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ለተተኪዎቼ ስነግራቸው እንዲያምር የጨመርኩት ይሆናል።

ማኅበሩ ቅርጽ ማውጫዎቹን መተካት አልቻለም። የዚያን ዓመት ጠመኔ ትምህርት ቤቶቹ ከሌላ አገኙ፤ በዓመቱ ባለ ድርሻዎቹ ተሰብስበው ማኅበሩን አፈረሱት። ሕጉን አስተካክዬዋለሁ፤ ፋብሪካውን አላዳንኩትም። በሥራ ዘመኔ ያደረስኩት ትልቁ ጉዳት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በኩራት ብናገር የሚፈርድብኝ አይኖርም ብዬ አምናለሁ። የኔታ ጡረታ ሲወጡ ካርቶናቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ፤ ሲያረጅ እኔም ሌላ ቆረጥኩ። ማንኛውም የእሽግ ጥያቄ ሲቀርብልኝ፣ ከሕጉ በፊት ቦታው ድረስ ሄጄ በውስጡ ምን እየተሠራ እንዳለ ማየትን ልማድ አደረግኩ። የሚቦካ፣ የሚረጋ፣ የሚጠጥር፣ የሚተነፍስ ነገር ካለ በአስተያየቴ ላይ አሰፍረዋለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ኋላ ሌሎቹም ያደርጉት ጀመር።

ለድርጅቶች ብቻ ያዘነበልኩ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ድንጋይ ፈጪ ኩባንያ አቧራውን እንዲቀንስ በታዘዘ ጊዜ፣ የንብረት መብቴን ሕገ መንግሥቱ ጠብቆልኛልና ማንም አያዘኝም ብሎ ተከራከረ። ጠበቃው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አንደበቱ የሰላ ሰው ነበር። ትእዛዝ ሰጪው መሥሪያ ቤት እንዳግዘው ጠይቆኝ ነበርና ትእዛዙን ከመጨረሻው ጀምሬ አነበብኩት፤ ባለቤቱ ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው፣ ማሰሪያው በአዋጁ ውስጥ አለ፣ ኩባንያውም አስቀድሞ ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል። የጎደለ የለም። ረታን። ከችሎቱ ስንወጣ ጠበቃው፣ «እናንተ ጎጃሞች ሕግ ታነባላችሁ ወይስ ቅኔ ትፈታላችሁ?» አለኝ። ልዩነቱን ሳገኘው እጽፍልሃለሁ አልኩት። እስካሁን አልጻፍኩለትም።

የአንድ ሥልጣን ወሰን ለተወሰነለትም ለተወሰነበትም እንደሚጠቅም ያመንኩት እንዲህ ባሉት ጉዳዮች ነው። መንግሥት በሕግ የጣለውን ያለ ፍርሃት ይሰበስባል፤ ድርጅቱም ነገ ምን እንደሚጣልበት አስቀድሞ አውቆ ድንጋዩን ይፈጫል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከንቲባዎች ውሳኔ ከማሳለፋቸው በፊት ይደውሉልኝ ነበር። አንዱ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር አስበን ነበር፤ ይኼ መጣል ነው መሰብሰብ?» አለኝ። መጣል ነው አልኩት። «እንግዲያው ተውነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። በሥራ ዘመኔ ከተሰጡኝ የምስጋና ወረቀቶች ሁሉ ያቺን ስልክ አስበልጣለሁ።

ይህን ጽሑፍ እስከዚህ አድርሼ ስቆም ያቺ «እኔ ነኝ» አላስተኛ አለችኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ ሰምቼ ነበርና ባለፈው ወር ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ማን እንደ ሆንኩ ስነግራቸው ጥቂት አስበው፣

«ያ የኔታ ኋላ ያጫወቱኝ፣ ግሱን የሳተው?» አሉኝ።

«አዎን፣ እርሱ ነኝ።»

«አንድ ግስ ስንት ኩንታል ጀሶ አደረቀ እናንተ» ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን አብሬ መሳቅ አልቻልኩም። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፦ ያን ቀን ማን ጻፈው ብለው ሲጠይቁኝ ምን ብዬ መለስኩ?

«አላስታውስም» አሉ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ቀን ያየሁት ቅርጽ ማውጫዎቹን ብቻ ነው።»

ልነሣ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ይቆዩ እንጂ። እኔ ብረሳ ማኅበሩ አይረሳም።»

ልጃቸውን ልከው ከሣጥን ሥር ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ አስመጡ። የማኅበሩ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነው። ዓይናቸው ስለማያነብላቸው ገልጬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። የመጨረሻውን ስብሰባ፣ ማኅበሩ እንዲፈርስ የተወሰነበትን፣ አገኘሁት። በሦስተኛው ተራ ቁጥር ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «እሽጉን ለማስነሣት የመጣው ባለሙያ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው እርሱ ራሱ መሆኑን ሳይደብቅ የተናገረ ስለ ሆነ፣ ሥራ አስኪያጇ በግሉ ላይ ክስ እንዳይመሠረት ጠይቀው ጉባኤው ተቀብሏል።» ከግርጌው የአምስት ባለ ድርሻዎች ፊርማ አለ።